ወፎቹን ማን ነካቸው?

ሰኔ 16፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የጀመርኩት ለወፎቹ ነው። ነርስ ነኝ፤ ያልተጻፈ ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል ብለው ነው ያስተማሩን። ሐኪም ዘንድ ከደረስን ሁሉንም ከዚህ ያነበዋል።

ታማሚዎቹ ሦስት ናቸው፤ ባጂ የሚሏቸው ትንንሽ በቀቀኖች። ቢጫዋ ሎሚ፣ ሰማያዊው ሰማዩ፣ ነጠብጣቡ ቡሬ። ስም ያወጣችላቸው ልጄ ምሕረት ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የሽቦ ቤታቸው ያለው እዚህ ዓረብ አገር፣ መላዝ ሰፈር በምንኖርበት አፓርታማ፣ በመስታወት በተዘጋችው በረንዳ ላይ ነው። ውጭው አርባ ስድስት ዲግሪ ስለሆነ መስኮት አይከፈትም። ማቀዝቀዣው ቀን ከሌት ይሠራል።

ዛሬ የታየ፦ ሎሚ መንቁሯ ጥግ ላይ ነጭ እከክ አውጥታለች፤ ስፖንጅ ይመስላል፣ ትንንሽ ቀዳዳ አለው። ቡሬ እግሩን በመንቁሩ ያካል። ክብደት በኩሽና ሚዛን፦ ሎሚ 34 ግራም፣ ሰማዩ 38፣ ቡሬ 36።

በቤቱ ያለነው አራት ነን። እኔ፣ ባለቤቴ ኢዮብ፣ ምሕረት፣ ከግንቦት ወዲህ ደግሞ የኢዮብ ታላቅ እህት እትዬ እናናዬ። ራውዳ ሰፈር አንድ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርተው፣ አሮጊቷ እመቤታቸው ሲሞቱ ወደ እኛ መጡ። እኔ የሌሊት ተረኛ ስሆን ከልጄም ከወፎቹም ጋር የሚያድሩት እሳቸው ናቸው። እከኩን ግን አልነገሩኝም። አላዩትም ይባል? ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር የሚያስገቡ ሴትዮ!

ሰኔ 18

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወፍ ገበያ ሄድኩ። ወፎቹን የሸጠልን ሬድዋን የወሎ ሰው ነው፤ ለአገሩ ሰው እውነቱን ይናገራል። ፎቶውን ገና እንዳየ፣ "ቅንቅን ነው እህቴ፣ የፊት ቅንቅን። ቆዳ ውስጥ ጎድጉዶ ነው የሚኖር" አለኝ። ጠብታ ሰጠኝ። ማጅራቷ ላይ ላባውን ገልጦ አንድ ጠብታ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ አንድ። እከኩ ላይ ቫዝሊን በጥጥ። የሚቆሙባቸውን እንጨቶች በፈላ ውሃ ማጠብ። ሌላም ብዙ አወራ፤ ስለ ሽታ፣ ስለ ጭስ፣ ስለ ወፍ ሳንባ። ስልኬ ሲጮህ ጥዬው ወጣሁ።

በፈላ ውሃ አለኝ እኮ! እኔ አሥራ አራት ዓመት ከተሐዋሲ ጋር ስታገል የኖርኩት ሴት። ወፍ ሻጭ ንጽሕና ያስተምረኝ እንግዲህ።

ጠብታውን ለሦስቱም አደረግሁ። እትዬ እናናዬ ወፎቹን ያዙልኝ። ቡሬ በእጃቸው ሲገባ ጸጥ አለ። እኔን ይነክሰኛል።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

ቤታቸውን፣ እንጨቱን፣ የውሃ ሳህኑን፣ የበረንዳውን ወለል በበረኪና አጠብኩ። ሳይበረዝ። ዓይኔ እስኪያነባ። ጽዳት ማለት ይሄ ነው።

ማታ ስልኬ ላይ የነቅሉ፣ የአሠሪ ዝውውሩ፣ ጥያቄ ገባ። የአሮጊቷ ልጆች እትዬ እናናዬን ወደ ሌላ ከፊል፣ በስሙ ወደሚያስኖራቸው አሠሪ፣ ለማዛወር ፈቅደዋል። ኢዮብ መሥሪያ ቤት እየቀየረ ስለሆነ በእኔ ስም እንዲሆን ተስማምተናል፤ በወረቀት የእኔ የቤት ሠራተኛ ይሆናሉ ማለት ነው። አረንጓዴውን ብጫን ተቀብያለሁ፣ ቀዩን ብጫን አልቀበልም። የመጨረሻው ቀን ነሐሴ 10። ያ ካለፈ ልጆቹ ኸሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ መትተው ወደ አገር ይሸኟቸዋል። አገር ቤት ደግሞ የሚጠብቃቸው ቤትም ሰውም የለም፤ ያላቸው ወንድማቸው ብቻ ነው።

"በይ አሁኑኑ ጫኚውና እንገላገል" አለኝ ኢዮብ። "ገና ሰባት ሳምንት አለ፣ ምን ያጣድፍሃል?" አልኩት።

ሰኔ 22

ሎሚ ላባዋን ነፍታ ኳስ መስላ ተቀምጣለች። ጭራዋ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ትናንት ደህና ነበረች። ውሃ የሰጧቸው እትዬ ናቸው። እጽፋለሁ እንጂ ምንም አላልኩም።

ሰኔ 27

ናጃት፣ አብራኝ የምትሠራው የአገሬ ልጅ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ነገሩን ሰማችና ማንኪያዋን አስቀመጠች። "የባልሽን እህት በስምሽ? ሰብሌ፣ አብደሻል? ነገ አንድ ነገር ብታደርግ የሚጠሩት አንቺን ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።"

"ጨዋ ሴት ናቸው" አልኳት። እውነትም ናቸው። ግን ጨዋነት ሲበዛ ምን ይባላል? ቤቴ ውስጥ ድምፃቸው አይሰማም። በባዶ እግራቸው ነው የሚሄዱት። ዞር ስል ከኋላዬ አገኛቸዋለሁ።

ሐምሌ 2

ሁለተኛው ጠብታ ተደረገ። የሎሚ እከክ እየረገፈ ነው። ጠብታው ሠርቷል።

ዛሬ ሌላ ነገር። ከእንቅልፌ ስነሣ እትዬ የሉም። ምሕረት ብቻዋን ቴሌቪዥን ታያለች። "አክስቴ መጣሁ ብላ ወጣች።" ሦስት ሰዓት ሙሉ! ኢቃማቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ሊያልቅ ጥቂት የቀረው ሰው፣ ጀዋዛት፣ የኢሚግሬሽን ፖሊሱ፣ በየመንገዱ በሚያስቆምበት፣ በዚህ ፀሐይ! ሲመለሱ ፊታቸው በርበሬ መስሏል።

"የት ሄደው ነው እትዬ?"

"እዚሁ ነው፣ ትንሽ ልንፈላሰስ ብዬ።"

በአርባ ሰባት ዲግሪ መንፈላሰስ። እኔ እኮ ሞኝ አይደለሁም።

ሐምሌ 5

በጥድፊያ። ፈረቃ ልገባ ነው። በረኪናው ጎድሏል። ማክሰኞ የከፈትኩት ጠርሙስ ከግማሽ በታች። እኔ አልነካሁትም። ማን ነካው? ለምን?

ሐምሌ 9

የቀረውን በረኪና አሸተትኩት፤ ቀጥኗል፤ ውሃ የገባበት ይመስላል። አዲስ ገዝቼ የወፎቹን ቤት እንደገና አጠብኩ። ስጨርስ ጠርሙሱን መኝታ ቤቴ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። እትዬ በሩ ላይ ቆመው፣ "ሰብሌዬ፣ ይሄ ነገር ለነሱ አይከብድም?" አሉኝ።

"የሚከብዳቸው ቆሻሻ ነው" አልኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

ሐምሌ 10

ቡሬ ሞተ። ምሕረት ናት ያገኘችው፤ ከታች፣ እግሩን ሰቅሎ። ጩኸቷ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ሮጣ የገባችው እትዬ እናናዬ ቀሚስ ውስጥ ነው።

እከኩ ድኖ ነበር። ቅንቅን አልገደለውም። ታዲያ ምን ገደለው? በረኪናውን ቀንሶ የወሰደ ሰው ምን አደረገበት? ወፍ የሚጠጣው ውሃ አንድ ጣት አይሞላም። አንድ ጠብታ ይበቃዋል።

ይሄን ስጽፍ ኃጢአት እንዳይሆንብኝ። ግን ያየሁትን ነው የምጽፈው።

ሐምሌ 11፣ ሌሊት

ዛሬ ፈረቃ የለኝም። ለሁሉም እንደተኛሁ አስመስዬ ነቅቼ ቆየሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ የእትዬ በር ተከፈተ። ኮሽታ የለም። በጨለማው ወደ በረንዳው ሄደች። ተከተልኳት። የወፎቹ ቤት ሙሉውን በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል! ማታ ስንተኛ አልነበረም። በስልኳ መብራት ጨርቁን ከውስጥ በኩል ገልጣ፣ እጥፋቱን በጣቷ እየዳሰሰች ትመረምራለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ይቆጥራል ልበል ወይስ ይጸልያል፣ እንጃ። ከዚያ ጨርቁን ጠቅልላ ወደ መታጠቢያ ቤት ወሰደችው፤ ውሃ ተከፈተ።

እሷ ከተኛች በኋላ ገባሁ። ጨርቁ ተዘፍዝፏል። ጠርዙ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ አለ። በጣቴ ስጫነው ደም ሆነ። የምን ደም ነው? ጉድ ነው ዘንድሮ!

ይሄን ሁሉ ዓመት በሰው ቤት ስትኖር ምን ተምራ መጣች? ልጄን የማስተኛው ከማን ጋር ነው?

አሁን ደግሞ ሳነበው "አንቱ" ማለት ትቼ "እሷ" ብዬ ጽፌያለሁ። ይቅር። ደብተር አይቀየምም።

ሐምሌ 15

ለኢዮብ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ፣ "እናናዬ? እኔን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች ሴት ወፍ ልትመርዝ?"

"ጨርቁስ? ደሙስ? በረኪናውስ?"

"ጠይቂያታ!"

"አንተ ጠይቃት፣ እህትህ ናት።"

አልጠየቃትም። እራት ላይ ግን አጠገቧ ተቀመጠ፤ ምሕረትን እንደምታጎርሳት እሱንም አጎረሰችው። የአርባ ዓመት ኢንጂነር! እኔ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ።

ሎሚ፦ 30 ግራም። ኩሱ አረንጓዴና ውሃማ ነው።

ሐምሌ 24

ምሕረትን ሌሊት ትኩሳት ያዛት። ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ አራት። ፈረቃ ላይ ነበርኩ፣ አስፈቅጄ በረርኩ። ስደርስ ግንባሯ ላይ እርጥብ ፎጣ፣ መድኃኒቷን በትክክለኛው ልክ ወስዳለች፣ ሰዓቱም በወረቀት ተጽፏል። እኔ ብሆን ከዚያ የተለየ አላደርግም።

አልጋው ላይ ተቀምጬ እጇን ያዝኩ። በእንቅልፏ፣ "አክስቴ፣ አትሂጂ" አለች።

"እኔ ነኝ፣ እማዬ ነኝ" አልኳት። እጇን አወጣችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትኩሳት ነው። ትኩሳት የያዘው ልጅ የሚለውን አያውቅም። ቅናት ቢሉኝ ግን ቅናት ነው።

ነሐሴ 3

ሬድዋን ጋ ሄድኩ። ማስረጃ ፍለጋ ነው የሄድኩት። ስለ ጨርቁ፣ ስለ ደሙ ነገርኩት። ሳቀብኝ።

"እህቴ፣ ቀዩ ቅንቅን እኮ ነው! ቀን እንጨት ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃል፣ ሌሊት ወጥቶ የወፉን ደም ይመጥጣል። መኖሩን የምታውቂው ሌሊት ነጭ ጨርቅ ስታለብሺው ነው። ጨርቁ ላይ ይሰፍርልሻል፣ ታጥቢዋለሽ። ድሮ ወፍ የያዘ ሰው ነው ይሄን የሚያውቅ።" ከዚያ ቆም ብሎ አየኝ። "አንድ ትልቅ እናት መጥተው ነበር፣ እናናዬ የሚባሉ። ካንቺ ቤት ናቸው እንዴ? በሐምሌ መግቢያ፣ በእግራቸው፣ ላብ በላብ ሆነው። ቅንቅኑን አውቀዋለሁ፣ የቸገረኝ የቢጫዋ ወፍ ትንፋሽ ነው አሉኝ። እኔም ወፍ ሽታ አይችልም፣ ቤት ውስጥ ኃይለኛ ሽታ ያለው ነገር አለ ወይ አልኳቸው።"

"ምን አሉህ?"

"ዝም አሉ። ሳያስቡ አይደለም፣ አስበው ነው ዝም ያሉት።"

እና ለምን ዝም አለች? የምትደብቀው ባይኖር ትናገር ነበር። ሌላ ሰው የምትሸፍን ይመስል! ማንን?

ስለ ጨርቁ የሰማሁትን ለኢዮብ አልነገርኩትም። ምን ይጨምራል?

ነሐሴ 6

ፍልሰታ ነው። እትዬ በጾም አፋቸው ኩሽና ውስጥ ሽሮ ሲያማስሉ አገኘኋቸው። "ሰብሌዬ፣ ያ ነገር ቀኑ መች ነበር?" አሉኝ፣ ማማሰያውን ሳያቆሙ።

"ቅዳሜ። አይጨነቁ።"

"አልጨነቅም። ካንቺ እጅ ነው፣ ምን ያስጨንቀኛል።"

ካንቺ እጅ። ምን ማለቷ ነው? ምስጋና ነው ወይስ ነገር ነው?

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ከባድ ሌሊት ነበር፤ ሁለት ሰው ሞተብን። ጠዋት ቤት ገባሁ። ምሕረት ቁርሷን ስትበላ አጠገቧ ትንሽ ተቀመጥኩ። ከዚያ እስከ ማታ ተኛሁ። የነቅሉን ነገር ረሳሁት። ሰው ይረሳል።

ነሐሴ 11

ኢዮብ ስልኬን ይዞ ገባ። "ጥያቄው ውድቅ ተደርጓል ይላል።"

"ቀኑ ሲያልፍ እንደዚያ ነው የሚለው።"

"ማለፉን አይደለም የሚለው ሰብሌ። ውድቅ ተደርጓል ነው የሚለው።"

"አረብኛውን ካንተ በላይ አላውቅም። ረሳሁ አልኩህ። ሁለት ሬሳ ከፍኜ ነው የመጣሁት፣ ረሳሁ!"

ለአሮጊቷ ልጆች ደወለላቸው፣ ለመነ፣ እንደገና ላኩልን አለ። ኸላስ፣ አብቅቷል አሉት። ትኬት ተቆርጧል።

እትዬ እናናዬ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። "ተወው ወንድሜ፣ እግዜር ያለው ነው" አሉት። ወደ እኔ መጥተው ትከሻዬን ነኩኝ። "ደክሞሽ ነው የኔ እህት። ሥራሽ ከባድ ነው።" እያዘኑልኝ ነው ወይስ እየነገሩኝ? ከፊታቸው ማወቅ አልቻልኩም።

ነሐሴ 19

ሄዱ። አንድ ሻንጣ። ኢዮብ አውሮፕላን ጣቢያ አድርሷቸው ሲመለስ መኪናው ውስጥ አንድ ሰዓት ተቀምጦ ነው የወጣው። ከእኔ ጋር አይነጋገርም። ምሕረት አላለቀሰችም፤ ያ ነው የገረመኝ።

ለእኔ ኩሽና ውስጥ በቃል ትተውልኝ የሄዱት፦ ሎሚ ማታ ማታ ሞቅ ያለ ቦታ ትፈልጋለች፣ ማቀዝቀዣው ፊት ለፊት አይሁኑ፣ እንጨቱን በፈላ ውሃ። ሌላ ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ተዉት።

ነሐሴ 21

ቤቱ አሁን የራሴ ነው። ከላይ እስከ ታች ጽዳት። የነካችውን ሁሉ፤ መታጠቢያ ቤቱን፣ የተኛችበትን ክፍል፣ በረንዳውን፣ የወፎቹን ቤት። ሁለት ጠርሙስ በረኪና ጨረስኩ፣ ማንም ሳያቀጥንብኝ። አሁን ምን እንደሚያገኛቸው እናያለን።

ነሐሴ 22

ሎሚ ሞተች።

ሌሊት አፏን ከፍታ ስትተነፍስ ምሕረት አግኝታት በመዳፏ ይዛት ነበር አሉ። እኔ ፈረቃ ላይ ነበርኩ። ጠዋት ስገባ መዳፏ ውስጥ ደርቃለች።

ኢዮብ ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ቃሉን ተናገረኝ። "አሁንስ ማን ነው?"

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ሰማዩን ይዘን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄድን፣ እኔና ምሕረት። ዶክተሯ ሱዳናዊት ናት፤ ለስላሳ ሴት። ይሄን ደብተር ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነበር። አላወጣሁትም።

ቅንቅን እንደሌለበት ነገረችኝ፤ ቆዳው ንጹሕ ነው፣ በደንብ የታከመ ነው አለች። ትንፋሹን በማዳመጫ ሰማች። "ችግሩ ሳንባው ነው። የሚያቃጥል ነገር ተንፍሷል። ቤታቸውን በምንድን ነው የምታጥቡት?"

"በውሃና በሳሙና" አልኳት።

"በረኪና ወይ ሌላ ሽታ ያለው?"

"ኧረ በጭራሽ።"

ምሕረት ቀና ብላ አየችኝ። ዶክተሯ ጥያቄውን ለእሷ እንዳትደግመው ፈራሁ። አልደገመችውም። ንጹሕ አየር፣ ሞቅ ያለ ክፍል፣ ምንም ሽታ እንዳይደርስበት አለች። ልጄ በትምህርት ቤት አረብኛዋ እያንዳንዷን ቃል ደግማ ጠየቀቻትና በእጇ ጻፈች።

በመልሱ መንገድ የሰኔንና የሐምሌን ገጾች በቀይ መብራቶቹ ላይ እየቆምኩ አነበብኳቸው። ያጠብኩበት ቀን፣ የታመሙበት ቀን። ያጠብኩበት፣ የሞተበት። የራሴ እጅ ጽሑፍ ነው። የታማሚ ሰንጠረዥ አንብቤ ሳልረዳ የቀረሁት በሕይወቴ ይሄን ብቻ ነው። እትዬ ግን ያለ ሰንጠረዥ ገብቷቸው ጠርሙሱን በውሃ ያቀጥኑልኝ ነበር፤ ነርሷን ላለማሳፈር።

ነሐሴ 26

ሰማዩ ሻል ብሎታል። 35 ግራም። ዛሬ ጥቂት ጮኸ። ኩሱ ደህና ነው።

ቤቱን ምሕረት ወደ ክፍሏ አስገብታዋለች። በሯን ዘግታ ነው የምትውለው። ውሃ ልለውጥለት ብዬ ገባሁ፤ ከአልጋዋ ተነሥታ መጥታ በእኔና በወፉ መካከል ቆመች።

"እኔ እለውጥለታለሁ።"

"ምነው፣ እኔ ብለውጥለት?"

ሳህኑን ይዤ መታጠቢያ ቤት ሄድኩ፣ በንጹሕ ውሃ ብቻ አለቅልቄ፣ ሞልቼ ተመለስኩ። እዚያው ቆማ ነበር።

"እማዬ፣ ያን ቀን ጠዋት ስልክሽ ላይ ቀዩን ስትጫኚው አይቻለሁ" አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። "ለአባዬ አልነገርኩትም።"

ከዚያ ሳህኑን ከእጄ ተቀበለችና መጀመሪያ አሸተተችው።